ታክስና በጀት፦ ከድሃው ኪስ የሚወጣውና ወደ ድሃው ሰፈር የሚመለሰው

ፍትሐዊ የታክስና የበጀት ፖሊሲ የሚባለው መንግሥት ሲሰበስብ የከፋዩን አቅም፣ ሲያወጣ ደግሞ የተቸገረውን ሰው ጉድለት የሚያይበት አሠራር ነው። ሁለቱን ለያይቶ መመዘን ያሳስታል። ታክሱ ቀሎለት በጀቱ የረሳው ሰፈር ውሃም ክሊኒክም አያገኝም።

ብዙ ጊዜ "ድሃ ግብር አይከፍልም" ሲባል ይሰማል። ስህተት ነው። የገቢ ግብር ባይከፍል እንኳ ሳሙና ሲገዛ፣ የሞባይል ካርድ ሲሞላ ታክስ ይከፍላል። እስቲ እናስላው። ከዕቃ ዋጋ ውስጥ 10 በመቶው ታክስ ነው እንበል። በወር 10,000 የሚያገኝ ቤተሰብ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ስለሆነ ሁሉንም ያወጣዋል፤ 1,000 ለታክስ ይሄዳል። 100,000 የሚያገኘው 40,000 አውጥቶ የቀረውን ይቆጥባል፤ ታክሱ 4,000 ነው። ከገቢያቸው ሲሰላ ድሃው 10 በመቶ፣ ሀብታሙ 4 በመቶ ከፈሉ ማለት ነው።

የተለመደው መፍትሔ መሠረታዊ ሸቀጦችን ከታክስ ነፃ ማድረግ ነው። ግን ቀዳዳ አለው። ከታክስ ነፃ የሆነ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ በግብዓት ላይ የከፈለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ማስመለስ አይችልም፤ ስለዚህ ወጪው ዋጋው ውስጥ ገብቶ ገዢው ላይ ያርፋል። ዕቃው በዜሮ ምጣኔ ሲሸጥ፣ ማለትም በታክስ ሥርዓቱ ውስጥ ሆኖ ታክሱ 0 በመቶ ሲደረግለት ግን፣ ነጋዴው በግብዓት ላይ የከፈለውን ያስመልሳል። ሌላው መንገድ ጥሬ ገንዘብ መመለስ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1991 የፍጆታ ታክስ ስትጀምር፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በየሦስት ወሩ የሚከፈል ተመላሽ አብራ አመጣች። እኔ ይህኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ነፃ የተደረገውን ዕቃ ሀብታሙም በገፍ ይገዛዋላ። እርግጥ የተቸገረውን የሚለይ አስተማማኝ መዝገብ ይፈልጋል።

አቅምን መርሳት የሚያመጣውን ጣጣ ብሪታንያ አይታዋለች። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት በቤት ግምት ላይ የተመሠረተውን የአካባቢ ታክስ ሽሮ በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ተካ፤ በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1989፣ በእንግሊዝና በዌልስ በ1990። ለድሆች ቅናሽ ቢኖረውም ባለ ትልቅ ግቢውና የጠባብ ክፍል ተከራዩ እኩል ተተመነባቸው። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ብዙዎችም አንከፍልም አሉ። በ1993 በሌላ ታክስ ተተካ።

በበጀት በኩል ስሟ የሚነሳው የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች በየአካባቢያቸው እየተሰበሰቡ የከተማዋ የኢንቨስትመንት ገንዘብ የት እንደሚውል መወሰን ጀመሩ። በጣም የምወደው ድልድሉን ነው። የሕዝብ ብዛት፣ ነዋሪው ያስቀደመው ጉዳይና የአገልግሎት ጉድለት ነጥብ ይያዝላቸው ነበር። ውሃና ፍሳሽ ማስወገጃ የሌለው ሰፈር በጉድለቱ ከፍ ያለ ነጥብ ስለሚያገኝ፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የሚያውቀው ሰው ባይኖርም ድርሻው አይቀርም ነበር። የጸደቁት ሥራዎች በየዓመቱ ታትመው ይወጡ ነበር፤ የሰፈሩ ተወካዮችም ያንን ይዘው ሥራው መሠራቱን ይከታተሉ ነበር።