የ1960ዎቹ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ምሽት፦ የሚወራውና የነበረው

የድሮ የእንግሊዝ ፕሮግራም ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅ ከሥር የሚጻፈው አስተያየት ሁሌም ያው ነው። ያኔ ጨዋ ነበር፣ ጥራት ነበረው፣ አገሩ ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ ያይ ነበር። ከፊሉ እውነት ነው። አብዛኛው ግን ትዝታ ያሳመረው ነው። እኔ እንደሚገባኝ ያን ምሽት የቀረጸው የሰዎቹ ጨዋነት ሳይሆን የመንግሥት ገደብ፣ የመሣሪያ አቅምና ገንዘብ ነው። እስቲ የሚወሩትን አባባሎች፣ በጥቅስ እያስቀመጥን፣ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ በፈረንጆች፣ ሰዓቱ ግን በኛ አቆጣጠር ነው።

«ቢቢሲ ብቻ ነበር»

አልነበረም። በማስታወቂያ የሚተዳደረው አይቲቪ ከሴፕቴምበር 1955 ጀምሮ አየር ላይ ነበር። እሱም አንድ ድርጅት አልነበረም። ለንደንን፣ ማንችስተርን፣ ስኮትላንድን የተለያዩ ኩባንያዎች ተከፋፍለው ስለያዙት፣ በአንድ ምሽት በአንድ ሰዓት የለንደኑ ሰው የሚያየውና የግላስጎው ሰው የሚያየው ላይገናኝ ይችል ነበር። ሰፊው ሕዝብ የወደደው ብዙ ነገር የመጣው ደግሞ ከዚሁ «የነጋዴ ጣቢያ» ነው። «ኮሮኔሽን ስትሪት» የተባለውን የሠራተኛ ሰፈር ድራማ በዲሴምበር 1960 የጀመረው የማንችስተሩ ግራናዳ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በሳምንት ከሚታዩት ሁለት ክፍሎች አንዱ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ተዋናዩ ቃሉ ቢጠፋበት በቃ፣ ጠፋበት ነው።

አይቲቪ ማስታወቂያ እንደልቡ ይነዛ ነበር የሚለውም ትክክል አይደለም። በአማካይ በሰዓት ከ6 ደቂቃ በላይ አይፈቀድለትም ነበር። እንደ አሜሪካ አንድ ኩባንያ ፕሮግራሙን ስፖንሰር ማድረግ ክልክል ነበር። የሲጋራ ማስታወቂያም ከኦገስት 1965 ጀምሮ ከቴሌቪዥን ታገደ።

«ከ1964 በኋላ ሁሉም ሰው ሦስት ጣቢያ ነበረው»

ቢቢሲ 2 የተከፈተው ኤፕሪል 20 ቀን 1964 ነው። ተከፈተ ከተባለ! በባተርሲ የኃይል ማመንጫ በተነሳ እሳት የለንደን ብዙ ክፍል ጨለመ፣ የተዘጋጀው የመክፈቻ ድግስም ሳይታይ ቀረ። (መብራት የሚጠፋው እኛ ጋ ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህችን ያዝልኝ።) በማግስቱ ጠዋት የአዲሱ ጣቢያ የመጀመሪያ መደበኛ ፕሮግራም የሆነው «ፕሌይ ስኩል» የተባለ የሕፃናት ዝግጅት ነው።

ዋናው ችግር ግን መብራቱ አልነበረም። ነባሮቹ ጣቢያዎች ምስላቸውን በ405 አግድም መስመር ከፋፍለው ሲልኩ ቢቢሲ 2 በ625 መስመር፣ ያውም በሌላ ሞገድ መጣ። ስለዚህ አዲስ ቴሌቪዥንና አዲስ አንቴና ያስፈልጋል። ያለው ሰው ገዛ፣ የሌለው ደግሞ ለዓመታት በሁለት ጣቢያ ኖረ። «ዘ ፎርሳይት ሳጋ» የተባለው ባለ 26 ክፍል ድራማ በ1967 ቢቢሲ 2 ላይ ታይቶ፣ አገር ምድሩን ያነጋገረው ግን ከ1968 ጀምሮ ቢቢሲ 1 እሁድ ምሽት ሲደግመው ነው። ያን ጊዜ የማታ ጸሎት ሰዓታቸውን የቀየሩ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ነበሩ።

«ጣቢያዎቹ ቶሎ የሚዘጉት ሕዝቡ ቶሎ ስለሚተኛ ነው»

ሕዝቡማ ቢያገኝ ያይ ነበር። የሥርጭቱን ሰዓት የሚወስነው መንግሥት ነበር፤ በፖስታ ሚኒስትሩ በኩል። እስከ 1957 ድረስ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ቴሌቪዥን ባዶ ነበር፣ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያስተኙ ተብሎ። በ1960ዎቹ ያቺ ሰዓት ተነሳች፣ ጠቅላላው የሰዓት ገደብ ግን እስከ 1972 ቆየ። እሁድ አመሻሽም ለሃይማኖት ፕሮግራም የተከለለ ጊዜ ነበር። እኩለ ሌሊት ገደማ ቢቢሲ ብሔራዊ መዝሙሩን አሰምቶ ይሰናበት ነበር። በጁላይ 1969 ሰዎች ጨረቃ ላይ ሲወርዱ ሌሊቱን ሙሉ መተላለፉ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የመጀመሪያው ነበር፤ አርምስትሮንግ እግሩን ሲያሳርፍ በእንግሊዝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ56 ነው።

«የ1966ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በቀለም አይተነዋል»

ይሄ ከሁሉም የሚገርመኝ ነው፤ ምክንያቱም የሚሉት ያዩ ሰዎች ናቸው። የእንግሊዝ ቀይ ማሊያ፣ የዌምብሌይ አረንጓዴ ሣር፣ ሁሉም ትዝ ይላቸዋል። በቴሌቪዥን ግን ቀይም አረንጓዴም አልነበረም። ጨዋታው ጁላይ 30 ቀን በቢቢሲም በአይቲቪም ተላለፈ፣ ከ32 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው፣ ሁሉም ያየው በጥቁርና ነጭ ነው። በቀለም የተቀረጸው ለሲኒማ የተሠራው የውድድሩ ፊልም ነው። ያ ምስል ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንደተደጋገመ አስቡት። በኋላ የታየው ምስል ከቢቢሲው ጨዋታ አስተላላፊ ከኬኔት ዎልስተንሆልም ድምፅ ጋር በሰው አእምሮ ውስጥ ተጣበቀ፣ ተመልካቹም ያን ቀን ቤቱ ያየሁት ይሄን ነው አለ።

የቀለም ሥርጭት የተጀመረው በጁላይ 1967 ከዊምብልደን ቴኒስ ጋር ነው፣ ያውም ብዙ ሰው በሌለው በቢቢሲ 2። ቢቢሲ 1 እና አይቲቪ የተከተሉት በኖቬምበር 1969፣ አሥር ዓመቱ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ከ1968 ጀምሮ የባለ ቀለም ዓመታዊ ፈቃድ 10 ፓውንድ፣ የጥቁርና ነጩ ግማሹ ነበር። እና 1960ዎቹ በቴሌቪዥን ግራጫ ናቸው። ባለ ቀለሙ ትዝታ ባብዛኛው ከሲኒማና ከመጽሔት የተዋሰ ነው።

«ዶክተር ሁ በኬኔዲ ግድያ ምክንያት ዘግይቶ ተጀመረ»

ኬኔዲ የተገደለው ዓርብ ነው፣ በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዝ ሰው የሚተርከው የዚህ የቢቢሲ ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል የተላለፈው በማግስቱ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1963። መዘግየቱ ግን ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ሐዘንተኛ አገር ልብ ስላላለው ቢቢሲ በሚቀጥለው ሳምንት ከሁለተኛው ክፍል በፊት የመጀመሪያውን ደገመው።

«ካቲ ካም ሆም የተባለው ድራማ ሼልተርን አስመሠረተ»

ኬን ሎች ያዘጋጀው ይህ ስለ ቤት አልባ ቤተሰብ የሚተርክ ድራማ በኖቬምበር 1966 ታየ። ሼልተር የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በዲሴምበር መጀመሪያ ይፋ ሆነ። ቀኑ ስለተቀራረበ ሰው አያያዘው እንጂ የድርጅቱ ዝግጅት ከድራማው በፊት እየሄደ ነበር። ድራማው መንገዱን አሰፋለት፣ በጣም አሰፋለት። አልወለደውም።

«ፖለቲከኞች ለቀልድ ፕሮግራም ደንታ አልነበራቸውም»

የሌበር ፓርቲው መሪ ሃሮልድ ዊልሰን በ1964ቱ ምርጫ ቀን ይታይ የነበረው «ስቴፕቶ ኤንድ ሰን» የተባለው የቀልድ ፕሮግራም ድጋሚ ደጋፊዎቼን ቤት ያስቀርብኛል ብሎ ሰጋ። የቢቢሲውን ኃላፊ ጠየቀ፣ ፕሮግራሙ ምርጫ ጣቢያዎች እስኪዘጉ ተገፋ። ዊልሰን በ4 መቀመጫ ብልጫ አሸነፈ።

«ሁሉም ነገር ጨዋ ነበር»

ቅዳሜ ምሽት ከሚወደዱት አንዱ ነጭ ዘፋኞች ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው የሚዘፍኑበት «ዘ ብላክ ኤንድ ዋይት ሚንስትረል ሾው» ነበር። በጊዜው የተቃወመ አልነበረም የሚባለው ሐሰት ነው፤ በ1967 ዘረኝነትን የሚቃወም ማኅበር እንዲቋረጥ ለቢቢሲ አቤቱታ አቅርቧል። ቢቢሲ እስከ 1978 ቀጠለበት።

«ያ ሁሉ ፕሮግራም ማኅደር ውስጥ አለ»

ቢኖርማ! የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር ተደምስሶ ሌላ ይቀረጽበት ነበር። ከተዋንያን ማኅበር ጋር ያለው ውልም ድጋሚ ማሳየትን ስለሚገድብ፣ ማስቀመጡ ለምን ይጠቅማል ተባለ። የጨረቃው ሌሊት የቢቢሲ ስቱዲዮ ሥርጭት እንኳ ጠፍቷል። የተረፈው ብዙው የተረፈው ለውጭ ጣቢያዎች በፊልም ተገልብጦ ስለተሸጠ ነው። ከገዢዎቹ አንዱ በ1964 ቶምሰን በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እገዛ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ነው፤ ዶክተር ሁ እዚህም ታይቷል። በ2013 ደግሞ ጠፉ ተብለው የነበሩ 9 የዶክተር ሁ ክፍሎች ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ በሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተገኝተዋል።