አውሮፕላኑን የሚዞረው ማን ነው? ተጠያቂውስ?

ባሕር ዳር ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪው ወደ አውሮፕላኑ በእግሩ ስለሚሄድ ሁሉን ያያል። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ አብራሪ ከአፍንጫው ጀምሮ አውሮፕላኑን ሲዞር፣ ወደ ሞተሩ ቀና፣ ወደ ጎማው ጎንበስ ሲል ያየዋል። ከዚያ ጣና ዳር ቁጭ ተብሎ ስለዚሁ ፍተሻ የሚወራውን መስማት ሰልችቶኛል።

«መካኒኩ ፈርሞበታል፤ የአብራሪው መዞር ለወግ ነው» ይባላል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ከሊማ የተነሳው የኤሮፔሩ ቦይንግ 757 ሲታጠብ የአየር ግፊት መለኪያ ቀዳዳዎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ነበር። የጥገና ሠራተኛው ሳያነሳው ቀረ፤ ከበረራ በፊት የዞረውም ሰው አላየውም። አብራሪዎቹ ትክክለኛ ከፍታና ፍጥነታቸውን ማወቅ ተስኗቸው ባሕር ላይ ወደቁ፤ የነበሩት 70 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በአንዱ ዓይን ላይ የሌላው ዓይን የሚጨመረው ለዚህ ነው።

ጠዋት የተፈተሸ አውሮፕላን ለቀኑ ይበቃዋል የሚሉም አሉ፤ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ይዞራል። ጎማ በእርግጫ መምታት ደግሞ ፍተሻ አይደለም።

«የ1981ዱ አደጋ በደንብ ቢፈተሽ ኖሮ ይቀር ነበር» የሚለውን እዚሁ ከተማ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። መስከረም 5 ቀን ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳው ቦይንግ 737 ሞተሮች ውስጥ ርግቦች የገቡት በመነሳት ላይ ሳለ ነው። ከ104ቱ ሰዎች 35ቱ ሞቱ። መሬት ላይ የሚደረግ ፍተሻ አየር ላይ ያለን ወፍ አይከለክልም። ሲያርፍ ወፍ የመታ አውሮፕላን ሳይታወቅ ተመልሶ እንዳይነሳ ግን ያደርጋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ «ካፒቴኑ ኮክፒት ተቀምጦ ረዳት አብራሪዋን ልጅ ዝናብ ላይ ይልካታል፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂዋ እሷ ናት።» ተሳፋሪ ብቻ ቢለው ዝም እል ነበር። ከጀማሪ አብራሪዎችም አፍ ሰምቼዋለሁ።

ማን እንደሚዞር የሚወስነው የአየር መንገዱ መመሪያ ነው። ብዙ ጊዜ ረዳት አብራሪው ይዞራል፤ ካፒቴኑ በዚያው ሰዓት የአየር ጠባዩን፣ ነዳጁን፣ ጭነቱንና የቴክኒክ መዝገቡን ያያል። ይህ የሥራ ክፍፍል ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 6 ግን በረራ እንዲጀመር ዋና አብራሪው፣ ማለትም ካፒቴኑ፣ ራሱ አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ መሆኑን አምኖ ማረጋገጥ አለበት ይላል። «ረዳቴ አይታዋለች» ብሎ ማምለጥ የለም። እሷም ብትሆን ተላላኪ አይደለችም፤ የራሷ ፈቃድ ያላት ባለሙያ ናት፤ አየሁ ላለችው ነገር ትጠየቅበታለች።

አንድ ክረምት እዚሁ ባሕር ዳር ረዳቴ ዞራ ተመለሰችና «ካፒቴን፣ የግራው ሞተር አፍ ላይ ላባ አለ፤ ወርደው ይዩት» አለችኝ። ወረድኩ። አየሁ፣ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፣ ቴክኒሽያኑ የሞተሩን ምላጮች መርምሮ ፈርሞ ለቀቀን። በረራው ዘገየ። አንድ ተሳፋሪ በቁጣ «ልጅቷን ካላመኗት ለምን ላኳት?» አሉኝ። የወረድኩት ስላመንኳት ነው። ባላምናት ኖሮ «የቆሻሻ ብናኝ ይሆናል» ብዬ እዚያው እቀመጥ ነበር።

ስለዚህ ካፒቴኖች፣ «ሁሉ ደህና ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። የፍሬኑን መበላት የሚያሳየው ፒን ምን ያህል ቀርቶታል? የፒቶ ቱቦዎቹ (የፍጥነት መለኪያዎቹ) ሽፋኖች ስንት ነበሩ፣ አሁን የት ናቸው? ብላችሁ ጠይቁ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1996 ከዶሚኒካን ሪፐብሊኳ ፖርቶ ፕላታ የተነሳው የቢርገንኤር አየር መንገድ ቦይንግ 757 ለቀናት ሽፋን ሳይደረግለት ቆሞ ነበር፤ አንዱ የፍጥነት መለኪያ ቱቦው ተደፍኖ 189 ሰው አለቀ። መርማሪዎቹ የጠረጠሩት የተርብ ጎጆ ነው። ጣና ዳርም ተርብ ሞልቷል፤ የሚያድር አውሮፕላን ይሸፈን፣ ሲነሳ ሽፋኑ ተቆጥሮ ይግባ።

ረዳት አብራሪዎችም ያላያችሁትን አላየሁም በሉ። «ጨልሞ ስለነበር የጭራው ጫፍ አልታየኝም» ማለት የተሟላ ሪፖርት ነው፤ ካፒቴኑ ባትሪ ይዞ ይወርዳል ወይም ቴክኒሽያኑን ይጠራል፤ ሞተር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።