ናታን የበጓን ነገር ለምን ዘረዘረ?

በማረሚያ ቤትና በተሀድሶ ማዕከል ወጣት ጥፋተኞችን የምታገለግሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

2ኛ ሳሙኤል 12ን ክፈቱ። ነቢዩ ናታን የሰው ሚስት የወሰደውን ንጉሥ ዳዊትን ከወቀሳ አልጀመረውም። ስለ አንዲት ታናሽ በግ ነገረው፤ ከድሃው እንጀራ ትበላ፣ ከዋንጫው ትጠጣ፣ በብብቱ ትተኛ እንደ ነበር፤ ባለጠጋ ጎረቤቱም ወስዶ አረዳት። ዳዊት በሌላ ሰው ጉዳይ ነደደ፤ «ያ ሰው አንተ ነህ» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን ግን ልጁ የበደለውን ሰው ሕመም እንዲያይ ስንፈልግ ከመጨረሻው፣ ከወቀሳው፣ እንጀምራለን።

ገና ከመግባቱ ያሳፈርነው ልጅ ራሱን ይከላከላል፦ «ስልክ ነው የወሰድኩት፣ ሰው አልነካሁም።» አትከራከሩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እሱ ራሱ የተበደለበትን ይናገር፤ ተደብድቦ ያደገ ልጅ የራሱን ሕመም ሳይሰሙለት የሌላውን እንዲሰማ መጠየቅ ከባድ ነው።

ቀጥሎ የማንኛቸውም ያልሆነ ጉዳይ አቅርቡ። ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ለምሳሌ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤት የምታስረክብ ሴት ማታ ስልኳን ተነጠቀች። ጠይቋቸው፦ የደንበኞቿ ቁጥር የት ነበር? ለነገ የቦካው ሊጥ ምን ይሆናል? የሟች እናቷ ፎቶስ? ከታክሲ ወርዳ በዚያ መንገድ ዳግመኛ ትሄዳለች? መልሱን እናንተ አትስጡ፤ ዝም ቢሉም ታገሡ። ከዚያ እያንዳንዱ በሴትዮዋ አፍ፣ «እኔ» እያለ፣ አንድ ገጽ ይጻፍ። በሳምንቱ እነዚያኑ ጥያቄዎች በራሱ ጉዳይ ይመልሳል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ድርጊቱን ማስተረክ ለአንዳንዱ ልጅ ጀብዱ ይሆንበታል። ስለ ቢላው ሳይሆን ስለ ማግስቱ ይናገር።

የይቅርታ ደብዳቤ ሲጽፍ «ግን» እና «ሰክሬ ነው» የሚሉትን አብራችሁ ፈልጉ፣ እሱው ይሰርዛቸው። ደብዳቤው ተበዳዩ ሳይፈቅድ አይላክም። ተበዳይ የእኛ ማስተማሪያ አይደለም! «ክርስቲያን ነሽና ይቅር በይው» ብሎ መጫን ሁለተኛ በደል ነው።

ካሣም አለ። ዘሌዋውያን 6 የተወሰደውን አምስተኛ እጅ ጨምሮ መመለስን ያዛል፤ ቀራጩ ዘኬዎስም «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» አለ። በ1974 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኤልማይራ ከተማ ሁለት ወጣቶች በአንድ ሌሊት 22 ንብረት አበላሹ። አንድ ሜኖናይት (የፕሮቴስታንት ክርስትና አንድ ወገን አባል) የሆነ የአመክሮ ሠራተኛ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ዳኛው ፈቅደው፣ ወጣቶቹ ቤት ለቤት እየሄዱ የተበዳዮቹን በር አንኳኩ፤ ኪሣራውንም በጥቂት ወራት ከፈሉ። የእኛዋ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከዚሁ የሜኖናይት ቤተሰብ ናት፤ ታሪኩ ሩቅ አይደለም።

ካሣውን ቤተሰብ ባንድ ጊዜ ከከፈለለት ልጁ ከተበዳዩ ጋር ያለው ጉዳይ በሌላ ሰው እጅ ያልቃል። ትንሽም ብትሆን ከገዛ ጉልበቱ፣ ቀን ተቆርጦላት ትከፈል። መገናኘት ከተፈለገ ደግሞ አስቀድማችሁ ተበዳዩን ጠይቁ፦ የት እንገናኝ? ማን አብሮህ ይሁን? «ይብቃኝ» ካልክ በዚያችው ደቂቃ እናቆማለን፣ ይስማማሃል?