«የኔ ኤልሲዲ አይደለም፣ ኤልኢዲ ነው»

«ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም» ብሎ ቴሌቪዥን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው አያናድደኝም። ስራዬ ነው። የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሚላት ነገር ናት። «ግን እንዴት ተበላሸ? የኔ እኮ ኤልሲዲ አይደለም፣ ኤልኢዲ ነው።» ይቺን ስንት ዓመት ሙሉ ሰማኋት።

ባለፈው አንዱ እንዲሁ ሲለኝ አፌን ማድከም አልፈለግኩም። የክፍሉን መብራት አጠፋሁና ቴሌቪዥኑን ሰካሁት። ዘፈኑ ይሰማል፣ ስክሪኑ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የእጅ ባትሪ አበራሁና ስክሪኑ ላይ አስጠግቼ ጋደል አድርጌ ያዝኩት። ብርሃኑ ባረፈበት ክብ ውስጥ የዘፋኟ ፊት ድብዝዝ ብሎ ታየ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ባትሪውን ወደ ታች ሳወርደው ማይክ የያዘው እጇ መጣ። ሰውዬው አጎንብሶ አየና «እንዴ! ምስሉ አለ እንዴ?» አለኝ።

አለ። የጠፋው ምስሉ ሳይሆን ከኋላው የሚያበራለት መብራት ነው። ባክላይት እንለዋለን። ብዙ ጊዜ አምፖሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ስትቃጠል ሌሎቹንም ይዛቸው ትጠፋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤልሲዲ ራሱ አያበራም። እንደ መጋረጃ ነው። ፈሳሽ ክሪስታሉ ከኋላ የሚመጣውን ብርሃን ወይ ያሳልፋል ወይ ይከለክላል። ቀለሙን የሚሰጡት ፊቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች ናቸው። ድሮ ከኋላ የሚያበራው ቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ነበር። በኋላ ቱቦው ወጥቶ የኤልኢዲ አምፖል ገባ። ቴሌቪዥኑ ሳሳ፣ የሚበላው ኤሌክትሪክ ቀነሰ፣ ሻጮች ደግሞ ስሙን ቀየሩት። በቃ፣ ይሄው ነው። አምፖል የቀየረ ሰው ቤት ቀየርኩ አይልም።

ታዲያ ስሙ ምን አገባህ የሚለኝ አይጠፋም። የሚያገባኝማ፣ ሰዎች ስሙን ሲያዩ ዋናውን ጥያቄ ስለሚረሱት ነው። ዋናው ጥያቄ ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው የሚለው ነው። አንዳንዱ ላይ አምፖሎቹ ጠርዝ ላይ ብቻ ተደርድረዋል። የሌሊት ትዕይንት ሲመጣ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ፣ ማዕዘኑ አካባቢ ነጣ ነጣ ይላል። ሌላው ላይ ከጀርባው ሙሉ ተበትነዋል፣ ግን አብረው ነው የሚበሩት፣ አብረው ነው የሚጠፉት። ጥሩ የሚባለው በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ፣ ጨለማው ጋ እየደበዘዘ ብርሃኑ ጋ የሚደምቅ ነው። ሚኒ ኤልኢዲ የሚባለው ይሄንኑ በጥቃቅን አምፖሎች በመቶዎች፣ ሲበዛም በሺዎች ክፍሎች ያደርገዋል። እሱም ቢሆን ፊልሙ አልቆ ነጫጭ ስሞች በጥቁር ላይ ሲወጡ፣ ዙሪያቸውን ስስ ጭጋግ ታያላችሁ። አንዱ ክፍል ብዙ ሺህ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸውን ጥቃቅን ነጥቦች፣ ተሸክሞ ፊደሏን ብቻ ነጥሎ ማብራት አይችልማ።

«ኪውኤልኢዲና ኦኤልኢዲ ያው አንድ ናቸው።»

አይደሉም። በላቲኑ ፊደል ኪው ማለት ጭራ ያበቀለ ኦ ነው፤ ከሩቅ ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ ያቺ ጭራ ብቻ ናት። ውስጡ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ኪውኤልኢዲ ኤልሲዲ ነው። አዎ፣ እሱም! የተጨመረለት ከመብራቱ ፊት ኳንተም ዶት የሚባሉ እጅግ ደቃቃ ቅንጣቶች ያሉበት ስስ ሽፋን ነው። ሰማያዊውን ብርሃን ተቀብለው ጥርት ያለ ቀይና አረንጓዴ ያወጡታል። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጠው ለነዚህ ቅንጣቶች ነው። ቀለሙ በእውነት ያምራል። ጥቁሩ ግን አሁንም የባክላይቱ ምርኮኛ ነው።

ኦኤልኢዲ ላይ ከኋላ መብራት የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ፒክስል ለራሱ ይበራል፣ ለራሱ ይጠፋል። ፎርኬ ስክሪን ላይ 8,294,400 ፒክስል አለ። ጥቁር ሲባል የእውነት ይጠፋል። ክፍሉን አጨልማችሁ ብታዩት ስክሪኑ የት ጋ እንደሚያልቅ ይጠፋባችኋል። በ2022 ደግሞ ሁለቱን ያዳቀለ፣ ኪውዲ ኦኤልኢዲ የተባለ ለገበያ ወጣ። ስም የሚያወጡት ሰዎች የሚያዝኑልን አይመስለኝም።

«እንግዲያው ኦኤልኢዲ ከሁሉም ይበልጣል።»

ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ ሰው፣ አዎ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በመስኮት የሚገባበት ሳሎን ውስጥ ግን ጠንካራ ባክላይት ያለው ሚኒ ኤልኢዲ ይሻላል። እዚያ ብርሃን ውስጥ የጥቁሩን ጥራት ማን ያየዋል?

ደግሞ የማተም ነገር አለ። አንድ ደንበኛዬ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ የዜና ጣቢያ ብቻ ነው የሚከፍተው። ዓመታት ካለፉ በኋላ «ስክሪኑ ቆሸሸብኝ» ብሎ መጣ። ሙሉ ግራጫ ምስል ለቀቅኩበት። ማዕዘኑ ላይ የጣቢያው አርማ፣ ከታች ደግሞ የዜናው መስመር ቁጭ ብሏል። ቻናሉ ተቀየረ፣ ዜናው ግን አልሄደም። ፒክስሎቹ የተሠሩበት ኦርጋኒክ ቁስ እየበራ ሲኖር ያልቃል፤ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ከበራ እዚያው ጋ ቀድሞ ያልቃል። ዛሬ ፊልም፣ ነገ ኳስ የሚያይ ሰው ግን እንቅልፍ ማጣት የለበትም። ኦኤልኢዲ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ማታ ማታ ከሶኬት አትንቀሉት። በሪሞት ስታጠፉት ነው ፒክስሎቹን ለክቶ የሚያስተካክለው።

«ፎርኬ ከሆነ ጥራቱ አያነጋግርም።»

ያነጋግራል። ፉል ኤችዲ ከፎርኬ በፊት የነበረው፣ ፒክስሉ በአራት እጥፍ የሚያንሰው ነው። በ55 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ አንድ ፒክስል 0.63 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጤናማ ዓይን ከ2.2 ሜትር ወዲያ አንዱን ፒክስል ከአንዱ መለየት ያቅተዋል። ሶፋችሁ ሦስት ሜትር ላይ ከሆነ የፎርኬው ጥቅም ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ኮንትራስት፣ ማለትም በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው ልዩነት፣ ግን ከየትም ርቀት ይታያል።

«ኤችዲአር ይላል እኮ ካርቶኑ ላይ።» ኤችዲአር ማለት ብርሃኑ ይበልጥ እንዲደምቅ ተደርጎ የተዘጋጀ ምስል ነው። ካርቶኑ የሚለው ያንን ምስል ማንበብ ይችላል ነው። ተራው ምስል የሚዘጋጀው ለ100 ኒት ብርሃን ነው (ኒት የስክሪን ድምቀት መለኪያ ነው)፣ ኤችዲአር ደግሞ ብዙ ጊዜ ለ1,000 እና ከዚያ በላይ። 300 ኒት ላይ የሚቆም ቴሌቪዥን አንብቦ ምን ሊያደርገው?

«ኮንትራስቱ አንድ ሚሊዮን ለአንድ ነው።» ባክላይቱን ሙሉ አጥፍተው፣ ከዚያ ሙሉ አብርተው ለክተውት ነው። የኤልሲዲ ፓነል በብዛት አይፒኤስና ቪኤ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ነው። አይፒኤስ በአንድ ምስል ላይ 1,000 ለአንድ አካባቢ፣ ቪኤ ደግሞ 3,000ና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ቪኤን ከጎን ሆናችሁ ስታዩት ግን ቀለሙ ይገረጣል።

«ውድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ምስል ያጠራል።» አያጠራም።

«ሱቅ ውስጥ እንዴት ያምር ነበር መሰለህ!»

ያምራላ። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ቪቪድ በሚባለው ሴቲንግ ነው የሚሠሩት። ነጩ ወደ ሰማያዊ ያደላ፣ ብርሃኑ ጣሪያ የነካ ነው። ቤታችሁ ስትገቡ መጀመሪያ ሪሞቱን አንሱና ሙቪ ወይም ፊልም ሜከር የሚለውን ምረጡ። «ቢጫ ሆነብኝ» ትላላችሁ፣ አውቃለሁ። ሦስት ቀን ታገሱት፣ ከዚያ የድሮው ራሱ ያስጠላችኋል። ቀጥሎ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ሴቲንግ ለፊልም አጥፉት። ፊልም የሚቀረፀው በሴኮንድ 24 ምስል ነው፤ ማሽኑ መሃል መሃሉን ከራሱ ፈጥሮ ሲሞላው ትልቁ ፊልም ተከታታይ ድራማ ይመስላል። ባክላይቱንም 100 ላይ አትተዉት። አምፖሎቹን የሚጨርሳቸው ሙቀት ነው።

ያ የእጅ ባትሪ ያሳየሁት ሰውዬ ከሁለት ቀን በኋላ ተጠግኖለት ወሰደ። በር ላይ ደርሶ ዞር አለ። «ቀጣዩን ግን ኪውኤልኢዲ ነው የምገዛው። እሱ እንኳ ከኋላው የሚቃጠል መብራት የለውም።»

ባትሪዬን የት እንዳስቀመጥኳት መፈለግ ጀመርኩ።