ትንሹ ኒውክሌር፦ ወፍጮ ቤት የሰማሁትና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ ኮዬ ፈጬ ወፍጮ ቤት ወረፋ ደርሶኝ ጤፌ እየተፈጨ ሳለ መብራት ሄደ። ግማሹ ዱቄት ሆኖ ግማሹ እላይ ቀረ። ሁላችንም ማዳበሪያችን ላይ ቁጭ ብለን ወሬ ያዝን። "አሁን እኮ ትንንሽ ኒውክሌር መጥቷል፤ አንዱን እዚህ ሜዳ ላይ ቢተክሉልን እናርፍ ነበር" አለ አንድ ወጣት። ኢትዮጵያ መስከረም 2018 ላይ ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ኃይል ጣቢያን የሚመለከት የትብብር ሰነድ ስለፈረመች ወሬው ሞቅ ብሏል። ከተባለው ውስጥ ግን ብዙው ልክ አልነበረም።

"እንደ ጄኔሬተር ነው፤ ለሰፈር ይሆናል"

ሰውን ያሳሳተው "ትንሽ" የሚለው ቃል ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ትንሽ የሚላቸው እያንዳንዳቸው እስከ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ማብላያዎችን (የኒውክሌር ነዳጁ ሙቀት የሚያወጣባቸውን ክፍሎች) ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል ብንል፣ ይሄ 75,000 ምጣድ በአንዴ ያግላል። ለሰፈር በጣም ብዙ ነው። ትንሽ የተባለው ከተለመዱት ከ1,000 ሜጋ ዋት በላይ ከሆኑት ጋር ሲነጻጸር ነው። ሌላው ልዩነት አሠራሩ ነው፤ ክፍሎቹ ፋብሪካ ተሠርተው ቦታው ላይ እንዲገጣጠሙ ነው የታሰበው።

"እንደ ቦምብ ይፈነዳል"

"ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ቦምብ?" አሉ አንዲት እናት። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን የዩራኒየም ቦምብ የሚሠራው ወደ 90 በመቶ ከበለጸገ፣ ማለትም በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዓይነት ድርሻ ወደ 90 በመቶ ከፍ ከተደረገለት ዩራኒየም ነው። የተለመደው የማብላያ ነዳጅ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው፤ አንዳንድ አዳዲስ ዲዛይኖች እስከ 20 በመቶ የሚጠጋ ይፈልጋሉ። እንደ አቶሚክ ቦምብ ሊፈነዳ አይችልም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ግለቱ። እንጀራ የጋገረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ምጣዱ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ በቀረው ግለት የመጨረሻዋን እንጀራ እናወጣለን አይደል? ማብላያም ሲጠፋ ወዲያው አይበርድም። እንዲያውም ይብሳል። ምጣድ የሚለቀው የያዘውን ሙቀት ብቻ ነው። የኒውክሌር ነዳጅ ግን ከጠፋ በኋላም በራሱ አዲስ ሙቀት ያወጣል። ልክ እንደጠፋ ከሙሉ ሙቀቱ 6 በመቶ ያህሉ አለ፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን ፉኩሺማ ኒውክሌር ጣቢያ ላይ የሆነው ይሄ ነው። ማብላያዎቹ ጠፍተው ነበር። ሱናሚው ጄኔሬተሮቹን ሲያጥለቀልቃቸው ግን ማቀዝቀዣው ቆመ፣ ነዳጁም ቀለጠ።

ትንሽነት የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። መውጣት ያለበት ሙቀት አነስተኛ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ዲዛይኖች ያለ ፓምፕ እንዲቀዘቅዙ ተደርገው ታስበዋል፤ ሙቁ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ወደ ታች ይወርዳል። ቻይና ሻንዶንግ ውስጥ ያለው በሂሊየም ጋዝ የሚቀዘቅዝ ማብላያ እ.ኤ.አ. በ2023 ማቀዝቀዣው ሆን ተብሎ ተቋርጦበት በራሱ በርዷል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን አንዱ ፈተናውን ስላለፈ ሁሉም አልፈዋል ማለት አይደለም።

"ገንዘብ ካለ ነገ ይመጣል"

አይመጣም። በሥራ ላይ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሩሲያ ፔቬክ ወደብ ላይ እያንዳንዳቸው 35 ሜጋ ዋት የሆኑ ሁለት ማብላያዎች የጫነ ተንሳፋፊ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ይሠራል። የሻንዶንጉ መደበኛ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው። ካናዳ ዳርሊንግተን በሚባል ቦታ ለታሰበው ትንሽ ማብላያ የግንባታ ፈቃድ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው።

"ትንሽ ስለሆነ ርካሽ ነው"

ሚኒባስም አውቶብስም አንድ አንድ ሹፌር ይፈልጋል። ማብላያም ስላነሰ ጥበቃው፣ ፈቃዱና ባለሙያው በዚያው ልክ አያንስም። ፋብሪካው የሚያዋጣው ደግሞ ብዙ ትዕዛዝ ሲኖር ነው። አሜሪካ ውስጥ ኑስኬል የተባለው ኩባንያ ዲዛይን ፈቃድ ቢያገኝም፣ ለዩታና አካባቢው የታሰበው ፕሮጀክት የአንድ ሜጋ ዋት ሰዓት ዋጋው ከ58 ወደ 89 ዶላር አሻቀበ። በጥቅምት 2016 መጨረሻ ተሰረዘ። ቆሻሻ የለውም የሚባለውም ስህተት ነው፤ ያገለገለው ነዳጅ እንደ ትልቆቹ ሁሉ ለረጅም ዘመን ጥበቃ ይፈልጋል።

"እሱ ቢመጣ መብራት አይሄድብንም"

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። የእኛ ሰፈር መብራት ግን ዛሬም ይሄዳል። ኃይሉ ከየትም ይምጣ፣ እኛ ጋ የሚደርሰው በከፍተኛ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከዚያም ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ትራንስፎርመር አልፎ ነው። አንዱ ጋ ከተበላሸ፣ ውሃ ይሁን ኒውክሌር ያመነጨው ለውጥ የለውም።

ያን ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሁለት ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጡ። ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ላይ ወጥተው የተቃጠለውን ፊውዝ ቀየሩ። ወፍጮው ተነሳ፤ እኔም የቀረውን ጤፌን አስፈጨሁ።