ከደሴ አዲስ አበባ ሙሉ ቀን ተቀምጦ መሄድ፦ ስለ ደም መርጋት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሌሊት መናኸሪያ ተገኝቶ፣ እግር ሥር የጤፍ ማዳበሪያ አስገብቶ፣ ጉልበት አጥፎ መዋል ለኛ ለወሎዬዎች ብርቅ አይደለም። ከወልድያ ወይም ከላሊበላ ለሚነሳማ የባሰ ነው። ስለ ደም መርጋት የሚወራው ግን ያሳስበኛል፤ አንዳንዱ ወሬ ሰው ይገድላል።

«የአውሮፕላን በሽታ ነው»

አይደለም። ጉዳዩ መቀመጡ ላይ ነው። ስንራመድ የባታችን ጡንቻ ደሙን እየጨመቀ ወደ ልብ ይመልሰዋል። ለሰዓታት ካልተንቀሳቀስን ደሙ እግር ላይ ይተኛና ሊረጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፣ መጠለያ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ካደሩት መካከል በዚሁ የሞቱ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳስታወቀው 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ አደጋውን እጥፍ ያህል ያደርገዋል፤ አውሮፕላንም ሆነ አውቶቡስ። ደም የሚረጋበት ከ6,000 ጤነኛ ተጓዥ አንድ ያህል ስለሆነ ጉዞ ይቅር አልልም።

«የሽማግሌ በሽታ ነው»

ዕድሜ ያባብሰዋል፣ ግን ወጣትም አይምርም። ልትወልድ እናቷ ዘንድ የምትመጣ ነፍሰ ጡር፣ ከወለደች 6 ሳምንት ያልሞላት አራስ፣ ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት፣ በቅርቡ ኦፕራሲዮን የሆነ፣ የካንሰር ሕመምተኛ፣ ቀድሞ ደም ረግቶበት የሚያውቅ። እነዚህ ከመሳፈራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

«እግር ካበጠ ማሸት ነው»

እባካችሁ እዚህ ላይ ስሙኝ። ሁለቱም ቁርጭምጭሚት እኩል አብጦ፣ እግር ከፍ አድርጋችሁ ስትተኙ ከጎደለ ብዙም አያስፈራም። አንድ እግር ብቻ፣ በተለይ ባት፣ ካበጠ፣ ካመመ፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ ግን ቅቤ ቀብቶ ማሸት የለም፣ ወጌሻም ጋ መሄድ የለም። የረጋው ደም ተቆርጦ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በአልትራሳውንድ ይታያል፣ መድኃኒትም አለው፤ ስለዚህ «ብርድ ነው፣ ነገ ይሻለኛል» ሳትሉ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

«መንገድ ላይ ሽንት ቤት ስለሌለ ውኃ አልጠጣም»

በተለይ ለሴቶች ችግሩ እውነት ነው፣ ይገባኛል። ውኃ ብቻውን መርጋትን ይከላከላል ብዬም ቃል አልገባም፤ ግን ተጠምቶ መዋል አይበጅም፣ የጠጣ ሰው ደግሞ ለመውረድ ይገደዳል፣ መውረዱ ነው ዋናው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎውን በመስኮት አትግዙ፤ ወርዳችሁ ግዙ፣ ወዲህ ወዲያም በሉ። ማዳበሪያውን ረዳቱ ከላይ ይጫነው። ከተቻለ በመተላለፊያው በኩል ተቀመጡ። በየግማሽ ሰዓቱ ተረከዝን መሬት አስነክታችሁ ጣቶቻችሁን ወደ ላይ ሳቡ፣ ከዚያ ጣቶቹን ተክላችሁ ተረከዙን አንሱ፣ ባታችሁ ሲጨመቅ እስኪሰማችሁ ደጋግሙት።

«አስፕሪን ውጬ እሳፈራለሁ»

ለዚህ ብሎ መዋጥ አይመከርም፤ ጨጓራም ሊያደማ ይችላል። አደጋው ከፍ ላለበት ሰው ሐኪም ባት የሚይዝ ልዩ ካልሲ ወይም መርፌ ሊያዝ ይችላል። በነጠላ ጥፍር አድርጎ ማሰር የዚያ ምትክ አይሆንም።

«በሰላም ገባሁ፣ አለቀ»

ምልክቱ ከቀናት፣ ከሳምንታትም በኋላ ሊመጣ ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ስትተነፍሱ ደረታችሁን ከወጋችሁ፣ ደም ካሳላችሁ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም «በቅርቡ ረጅም መንገድ ሄጄ ነበር» በሉት።