የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት የተነሱ ግለሰቦችና ታዋቂ ሰዎች

የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት የሚደረገው ዓለም አቀፍ ዘመቻ በመንግሥታት ስብሰባ አልተጀመረም። የጀመሩት ጥቂት ሴቶች ናቸው፤ አዋላጅ፣ ሐኪም፣ ሞዴል፣ የገበሬ ልጅ። ብዙዎቹ ነገሩን የሚያውቁት በራሳቸው ገላ ነው። የእነዚህን ሰዎች ሥራ አንድ ላይ የያዘ የአማርኛ ጽሑፍ እንደልብ ስለማይገኝ እዚህ ለመሰብሰብ ተሞክሯል። ኢትዮጵያ በታሪኩ ውስጥ ሰፊ ቦታ አላት። ከሁሉ ሰፊውን ቦታ የያዙት ደግሞ የከምባታዋ ቦጋለች ገብሬ ናቸው። ዓመቶቹ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜውና ድርጊቱ

በአገራችን የተለመደው ስም "የሴት ልጅ ግርዛት" ነው። በመንግሥት ሰነዶች ከጠለፋና ከያለዕድሜ ጋብቻ ጋር "ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት" ተብሎ ይመደባል። ብዙ ተሟጋቾች "ግርዛት" የሚለውን ቃል አይወዱትም። ከወንድ ልጅ ግርዛት ጋር እኩል ያስመስለዋል ይላሉ። ስለዚህ "ትልተላ" የሚለውን ይመርጣሉ። ይህ ጽሑፍ ሰው የሚያውቀውን ስም ይዟል።

ድርጊቱ እንደየአካባቢው ይለያያል። አንዳንዱ ጋ ሕፃኗ በተወለደች በቀናት ውስጥ ይፈጸማል። ሌላው ጋ ለጋብቻ እስክትደርስ ይጠበቃል። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ስፌት ያለበት ከባዱ ዓይነት የተለመደ ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ሆነ ቁርዓን አያዙትም፤ የሁለቱም እምነት ተከታዮች ግን ሲፈጽሙት ኖረዋል። ዩኒሴፍ በ2024 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከ230 ሚሊዮን በላይ ሴቶችና ልጃገረዶች ይህ ተፈጽሞባቸዋል።

ቀዳሚዎቹ

ግብፃዊቷ ሐኪም ናዋል ኤል ሳዳዊ በ1972 ስለ ጉዳዩ በይፋ ጻፉ። በዚያው ሰበብ በጤና ሚኒስቴር የነበራቸውን ከፍተኛ ኃላፊነት አጡ። ሶማሊያዊቷ አዋላጅ ነርስ ኤድና አደን በ1976 አደባባይ ወጥተው ተናገሩ። ጋናዊቷ ኤፉዋ ዶርኬኑ በ1983 ለንደን ውስጥ ፎርዋርድ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2014 ድረስ፣ ከዚህ ሥራ አልወጡም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1979 ካርቱም ላይ በተደረገ ሴሚናር ድርጊቱ እንዲቀር ጥሪ አቀረበ።

አዲስ አበባና የካቲት ስድስት

በ1984 የአፍሪካ ሴቶች ዳካር ላይ ተሰብስበው ጎጂ ልማዶችን የሚታገል የአፍሪካ አገሮች ኮሚቴ አቋቋሙ። ለረጅም ዓመታት የመሩት ኢትዮጵያዊቷ ብርሃነ ራስወርቅ ናቸው። ኮሚቴው ዋና መሥሪያ ቤቱን አዲስ አበባ አደረገ። በየአገሩ ቅርንጫፍ ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። የእኛው የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሔራዊ ኮሚቴም በ1987 የተቋቋመው በዚህ መንገድ ነው።

የአፍሪካ አገሮቹ ኮሚቴ በ2003 አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ጉባኤ ጠራ። የናይጄሪያ ቀዳማዊት እመቤት ስቴላ ኦባሳንጆ ፌብሩዋሪ 6 ቀን ግርዛትን ፈጽሞ ያለመታገስ ቀን እንዲሆን ያወጁት እዚያ ነው። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቀኑን በየዓመቱ ያስባል። ኒውዮርክም ጄኔቫም የሚከበረው ይህ ቀን የተወለደው አዲስ አበባ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

ዋሪስ ዲሪ

ከታዋቂ ሰዎች ሁሉ ይህን ጉዳይ ለዓለም ያስተዋወቀችው ዋሪስ ዲሪ ናት። የሶማሊያ አርብቶ አደር ልጅ ናት። በአምስት ዓመቷ ገደማ ተገረዘች። በ13 ዓመቷ አካባቢ ለሽማግሌ ሊድሯት ሲሉ ከቤት ጠፋች። ለንደን ደርሳ በአምባሳደር ዘመዷ ቤት በቤት ሠራተኝነት ቆየች። በኋላም ማክዶናልድ ውስጥ ጽዳት ሠራች። አንድ ፎቶግራፍ አንሺ አይቷት በ1987 በታዋቂው የፒሬሊ የቀን መቁጠሪያ ላይ ወጣች። ከዚያ በኋላ የፋሽኑ ዓለም በሙሉ አወቃት።

በ1997 አንድ የሴቶች መጽሔት የሕይወት ታሪኳን ጠየቃት። ጋዜጠኛዋ የጠበቀችው ከበረሃ ተነስቶ ሞዴል የመሆንን ታሪክ ነበር። ዋሪስ ግን ስለ ግርዛቷ ተናገረች። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ልዩ አምባሳደር ተደርጋ ተሾመች፤ እስከ 2003 ድረስም ሠራች። በ2002 ቪየና ላይ የራሷን ድርጅት አቋቋመች። የሕይወት ታሪኳ በ2009 ፊልም ሲሆን ዋሪስን ሆና የተወነችው የእኛዋ ሊያ ከበደ ናት። ሊያ ቀድማ በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ጤና አምባሳደር ሆና ነበር።

የዋሪስ ንግግር ያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። እስከዚያ ድረስ ጉዳዩ የሚነሳው በሐኪሞች ሪፖርት ውስጥ ነበር። ከእሷ በኋላ ግን ፊቷን ሁሉም የሚያውቃት ሴት የራሷ ታሪክ ሆነ። ሆኖም መጽሔቱን ያነበበው የለንደንና የኒውዮርክ ሰው ነው። ልጆች የሚገረዙበት መንደር ግን መጽሔት አይደርስም። እዚያ የሚደርስ ሌላ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ቦጋለች ገብሬና ከምባታ

ቦጋለች ገብሬ፣ ወዳጆቻቸው እንደሚጠሯቸው ቦጌ፣ ከምባታ ውስጥ ዛታ በተባለች መንደር ተወለዱ። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት አትላክም ነበር። ቦጋለች ውሃ ልቀዳ ብለው ከቤት እየወጡ ወደ ቤተክርስቲያን ትምህርት ቤት በድብቅ ይሄዱ ነበር። ፊደል የቆጠሩት እንዲህ ነው። በ12 ዓመታቸው ገደማ ተገረዙ። ደማቸው አልቆም ብሎ ለሞት ተቃርበው ነበር። አገግመው ለመነሳት ሳምንታት ፈጀባቸው።

ትምህርቱ ግን አልቆመም። ከመንደር ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ዘለቁ፤ ኢየሩሳሌም በሚገኘው ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ ተማሩ። በፉልብራይት የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ተሻገሩ። በኋላም ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤፒዲሚዮሎጂ አጠኑ። እዚያ ሳሉ ማራቶን እየሮጡ ገንዘብ አሰባሰቡ። መጻሕፍት እየሰበሰቡም ወደ ኢትዮጵያ ላኩ። ኑሯቸውን አሜሪካ ላይ ማደላደል ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ተመለሱ።

በ1997 ከእህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ስሙ በከምባትኛ የከምባታ ሴቶች አንድ ላይ መቆማቸውን የሚገልጽ ነው። ዛሬ ኬኤምጂ ኢትዮጵያ በሚለው አጭር ስም ይታወቃል። ዋና ማዕከሉ ዱራሜ ነው።

የድልድዩ ነገር እዚህ ላይ መነሳት አለበት። ቦጋለች መጀመሪያ ሰው ሰብስበው ስለ ኤችአይቪ ሲናገሩ ሰሚ አላገኙም። ሽማግሌዎቹ የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነበር። ወንዙ ላይ መሻገሪያ የለም። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ገበያ መድረስ አልቻለም። ቦጋለች አልተከራከሩም። ገንዘብ ፈልገው፣ የአካባቢውን ሰው አስተባብረው ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ግርዛት ሲያወሩ ሰው ተቀምጦ አዳመጣቸው። ሰው የሚያምነው ሥራውን ያየለትን ነው። በውጭ ገንዘብ ብሮሹር ታትሞላቸው የከሸፉ ስንት ዘመቻዎች አሉ! ይህኛው ግን በድልድይ ተጀመረ።

የድርጅቱ ዋና መሣሪያ የማኅበረሰብ ውይይት ነው። ሽማግሌው፣ እናቱ፣ ወጣቱ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ገራዧ ራሷ አንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ማንም አይወቅስም፤ ማንም አይሰድብም። ውይይቱ የሚካሄደው በከምባትኛ ነው። ለወራት ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ውሳኔውን የሚያሳልፈው ቀበሌው ራሱ ነው። እድሮችም ገቡበት፤ ልጁን በሚያስገርዝ ሰው ላይ ቅጣት አበጁ። በገጠር ከእድር መገለል ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ትልቁ እንቅፋት ጋብቻ ነበር። እናት ልጇን የምታስገርዘው ጠልታት አይደለም። ቆሞ ቀር ትሆንብኛለች ብላ ፈርታ ነው። ይህ ፍርሃት የሚሰበረው በንግግር ሳይሆን በሠርግ ነው። በ2002 ከምባታ ውስጥ አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በሺህ የሚቆጠር ሰው በተገኘበት በይፋ ተዳረች። ደረቷ ላይ ያልተገረዘች መሆኗንና ሌሎችም ከእሷ እንዲማሩ የሚል ጽሑፍ አንጠልጥላ ነበር። ሙሽራውም ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አድርጎ ነበር። ሠርጉን ብዙዎቹ ተቃውመውት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሌሎች ጥንዶች ተከተሉ። ዱራሜ ላይም ያልተገረዙ ልጃገረዶች በአደባባይ የሚከበሩበት በዓል ተጀመረ።

ውጤቱ ምን ያህል ነው? ዩኒሴፍ ባደረገው ጥናት ግርዛትን የሚደግፈው ሰው በ1999 97 በመቶ የነበረው በ2008 ከ5 በመቶ በታች ወርዷል። የቤልጂየሙ ንጉሥ ቦዱዋን ፋውንዴሽን ለቦጋለች የ2012–2013 ሽልማቱን ሲሰጥ ደግሞ ድርጊቱ ከ100 በመቶ ወደ 3 በመቶ ገደማ መውረዱ ተገልጿል። ሁለቱ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። አንዱ አመለካከትን፣ ሌላው ድርጊቱን የሚመለከት ነው። ሕግ ከወጣ በኋላ ሰው ለጠያቂ እውነቱን ላይናገር ይችላል የሚሉም አሉ። አባባሉ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ከምባታ ውስጥ የመጣው ለውጥ ግን በኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ከታዩት ትልልቆቹ አንዱ ነው።

ቦጋለች በ2005 የአውሮፓ ምክር ቤትን የሰሜን–ደቡብ ሽልማትም ተቀብለዋል። በኖቬምበር 2019 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፉ።

ማን ይናገር የሚለው ክርክር

በ1980 ኮፐንሃገን ላይ በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ጉባኤ የአፍሪካ ሴቶች ተቆጡ። ምዕራባውያን ፌሚኒስቶች ስለ እኛ ገላ ያለ እኛ ያወራሉ አሉ። አፍሪካን አረመኔ የሚያስመስለው አቀራረብ ለዘመቻው ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም የሚል መግለጫም ወጣ። ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ አሜሪካዊቷ ደራሲ አሊስ ዎከር ጉዳዩን ስታነሳ ተመሳሳይ ወቀሳ ደረሰባት። በሌላ በኩል የዎከር ሥራ ጉዳዩን ለብዙ ሰው አድርሷል የሚሉ አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት ሳይኖረው አይቀርም።

ሕጎች

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶችን ከጎጂ ልማድ የመጠበቅ ግዴታ በመንግሥት ላይ ጥሏል። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ድርጊቱን በግልጽ ወንጀል አደረገው። አንቀጽ 565 ሴት ልጅን የገረዘ ከ3 ወር ባላነሰ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር ባላነሰ መቀጮ ይቀጣል ይላል። ስፌት ላለበት ዓይነት አንቀጽ 566 ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል። 500 ብር ዛሬ የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ይህ መሻሻል ያለበት ነገር ነው።

በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ሥራውን አከበደው። ከገንዘቡ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። አዋጁ በ2019 ተተክቷል።

በአሜሪካ በ1996 ግርዛትን ሸሽታ ከቶጎ የመጣች ወጣት ጥገኝነት አገኘች። የአንዲት ልጅ ጉዳይ ለብዙዎች በር ከፈተ። የአፍሪካ ሴቶች መብት ሰነድ የሆነው የማፑቶ ፕሮቶኮል በ2003 ወጣ፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው በ2018 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 2012 የአፍሪካ አገሮች ያቀረቡትን የውሳኔ ሐሳብ ተቀብሎ ድርጊቱ በዓለም ዙሪያ እንዲቆም ጠየቀ።

የቅርብ ዓመታት

የጋምቢያዋ ጃሃ ዱኩሬ ራሷ የተገረዘች ናት። አሜሪካ ሆና ፊርማ አሰባሰበች፤ ዘመቻውን ወደ አገሯም ወሰደችው። ጋምቢያ በ2015 ድርጊቱን ከለከለች። በ2024 ክልከላውን ለማንሳት ረቂቅ ቀረበ። ተገርዘው ያለፉ ሴቶች ተቃውሟቸውን አሰሙ። በጁላይ 2024 ምክር ቤቱ ረቂቁን ውድቅ አደረገው።

ኢትዮጵያ በ2014 ለንደን ላይ በተደረገው የልጃገረዶች ጉባኤ ግርዛትን እስከ 2025 አጠፋለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበር። ዓመቱ አልፏል፤ ድርጊቱ ግን አልጠፋም። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው የተገረዙ ሴቶች ብዛት በ2000 80 በመቶ፣ በ2005 74 በመቶ፣ በ2016 65 በመቶ ነበር። በ2016 በሶማሌ ክልል 99፣ በአፋር 91 በመቶ ነበር። በዚሁ በ2016ቱ ጥናት ከ45 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 75 በመቶዎቹ ተገርዘዋል። ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ልጃገረዶች የተገረዙት 47 በመቶ ናቸው።